የወንጀል ሕግ ወደኋላ ይሠራል ወይ? ስለ ዘር ማጥፋት፣ የጦር ወንጀልና መሰል ወንጀሎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ጠባብ የሕግ ምክር ቢሮ አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍያ የለም፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ይጠይቃል። ድሮ የሚመጣው ጥያቄ የውርስ፣ የቤት ኪራይና የቀለብ ነበር። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በ2016 ከጸደቀ ወዲህ ግን ሌላ ጥያቄ በዛ። የሕግ ተማሪው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ የሚወጣ ሕግ ትናንት የገደለውን ሰው ይነካዋል ወይ?

በየሳምንቱ በቃል ከምደግመው ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመት ስጠራ እ.ኤ.አ. ካላልኩ የእኛው አቆጣጠር ነው።

«የወንጀል ሕግ ወደኋላ አይሠራም» ሲባል ምን ማለት ነው?

በባጃጅ እንየው። ሰኞ ዕለት «ከዛሬ ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ባጃጅ መንዳት ክልክል ነው፣ የነዳ ይቀጣል» የሚል ደንብ ወጣ እንበል። ትራፊኩ አርብ ማታ የነዳኸውን አስታውሶ ሊቀጣህ አይችልም። አርብ ስትነዳ ክልክል አልነበረማ። መሠረቱ ይኸው ነው።

ቅጣቱም እንደዚያው ነው። አርብ ቅጣቱ 200 ብር ከነበረና ሰኞ 2,000 ብር ከሆነ፣ የአርቡ ጥፋት በአርቡ ልክ ነው የሚታየው። ሰኞ የወጣው ሕግ ቀለል ያለ ከሆነ ግን የተከሰሰው ሰው በቀለለው ይጠቀማል። ማለትም ሕጉ ለማክበድ ወደኋላ አይሄድም፣ ለማቅለል ግን ይሄዳል።

ለምን እንዲህ ሆነ? መንግሥት መጀመሪያ የጠላውን ሰው ይዞ፣ ከዚያ ተቀምጦ ወንጀል እንዳይፈልግለት ነው። እኛ አገር ይሄ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ዘመን ሹማምንት፣ ፍርድ ቤት ሳያዩ ተረሸኑ። ከእነሱ ውስጥ በትክክል የሚጠየቁ ሊኖሩ ይችሉ ነበር። ግን ማን በምን ሕግ፣ በየትኛው ድርጊት ተጠየቀ? ማንም አልተነገረውም። ይህን መርህ «የወንጀለኛ መሸሸጊያ» እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ያቺን ሌሊት አነሳባቸዋለሁ።

የት ነው የተጻፈው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 ላይ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 5 እና 6 ላይም አለ። የዚያው ሕግ አንቀጽ 2 ደግሞ ዳኛ «ይሄ ከዚያኛው ጋር ይመሳሰላል» ብሎ በሕግ ያልተጻፈ ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። ከውጭ የፈረምናቸውም አሉ፤ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 15፣ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 7።

አንድ ተማሪ ጥሩ ነገር ጠይቆኝ ነበር፦ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይሄ መብት ሊታገድ ይችላል? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 93 ላይ የማይነኩ ብሎ የዘረዘራቸው ውስጥ አንቀጽ 22 የለም። ቃል ኪዳኑ ግን በማንኛውም አደጋ ጊዜ እንኳ አይነካም ይላል፣ ኢትዮጵያም በ1985 ተቀብላዋለች። ስለዚህ አይታገድም ባይ ነኝ። በአዋጅ ጊዜ ካልጠበቀን መቼ ሊጠብቀን ነው?

ታዲያ ናዚዎች እንዴት ተፈረደባቸው? ሕጉ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ አይደል?

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ጠበቆቻቸውም ይህንኑ ነበር የጠየቁት። ናዚዎቹን የዳኘውን የኑረምበርግ ፍርድ ቤት ያቋቋመው የለንደን ቻርተር የተፈረመው ኦገስት 8 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. ነው። ሂትለር ሞቶ፣ ጀርመን እጅ ሰጥታ ካበቃ በኋላ ማለት ነው።

ግን ክሶቹን አንድ ላይ አትጨፍልቋቸው፣ አንዱ ከአንዱ ይለያል። የጦር ወንጀሉ ላይ ብዙ ችግር አልነበረም። ምርኮኛ መግደል፣ ሰላማዊ ሰው መጨፍጨፍ፣ ከተማ መዝረፍ በ1907 እ.ኤ.አ. በወጣው የሄግ ስምምነት ጭምር የተከለከለ ነበር፣ ጀርመንም ታውቀዋለች።

ወረራ መፈጸም ላይ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። በ1928 እ.ኤ.አ. አገሮች ጦርነትን የፖለቲካ መሣሪያ አናደርግም ብለው ፈርመዋል፤ «የጣሰ መሪ በግሉ ይታሰራል» ግን አላሉም። ፍርድ ቤቱ የመለሰው በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ይህ መርህ የፍትሕ መርህ ነው፤ ስምምነት ጥሶ፣ ሳያስጠነቅቅ ጎረቤቱን የወረረ ሰው ጥፋት መሥራቱን ያውቃል፣ እሱን መቅጣት ሳይሆን እሱን መተው ነው ኢፍትሐዊ። እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ ልብ ያሞቃል እንጂ በሕግ ሚዛን ላይ ትንሽ ይቀለኛል።

ሦስተኛው በስብእና ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው። ስሙ አዲስ ነበር፣ መግደሉና ማሠቃየቱ ግን በየትኛውም አገር ወንጀል ነው። ዳኞቹም ተጠንቅቀዋል። ከጦርነቱ ጋር ካልተያያዘ በቀር፣ ናዚዎች ከ1939 እ.ኤ.አ. በፊት በገዛ ዜጎቻቸው ላይ የሠሩትን ግፍ በዚህ ስም አልቀጡም። ጥንቃቄው ሕጉን ወደኋላ እየለጠጡ ላለመሄድ ጭምር ነበር።

በነገራችን ላይ ከ22ቱ ተከሳሾች 3ቱ በነፃ ተለቀዋል። የበቀል መድረክ ቢሆን ኖሮ ማንም አይለቀቅም ነበር።

ደርግ ላይስ? ቀይ ሽብር በ1969 እና በ1970፣ ክሱ በ1987። ወደኋላ አልሠራም?

አልሠራም። እዚህ ጋ ነው ረጋ ብሎ ማየት የሚያስፈልገው።

ጠረጴዛዬ ላይ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አሮጌ ቅጂ አለ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። አንቀጽ 281 ያለበት ገጽ ጥጉ ጠቁሯል፣ ከእኔ በፊት ስንት ሰው ጣቱን እያራሰ እንደገለጠው እንጃ። ይህ አንቀጽ በብሔር፣ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ የተሰባሰበን ቡድን በሙሉም ሆነ በከፊል ለማጥፋት አስቦ የገደለን ሰው ይቀጣል። ከአምስት ዓመት ጽኑ እስራት እስከ ዕድሜ ልክ፣ በጣም ሲከብድ ሞት። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1950 ነው። ቀይ ሽብር ሲጀመር ሃያ ዓመት ሊሞላው ነበር ማለት ነው። የገዳዮቹ አለቆች ሥልጣን ላይ ሲወጡ ሕጉ ቀድሟቸው ተቀምጧል።

«በፖለቲካ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ስምምነት ውስጥ የለችም። ኢትዮጵያ ያንን ስምምነት ያጸደቀችው ጁላይ 1 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዓለም የቀደማት አልነበረም። ከዚያ የራሷን ሕግ ስትጽፍ ጥበቃውን አሰፋችው። የደርግ ባለሥልጣናት ጠበቆች ይህችን ልዩነት ይዘው ተከራከሩ፤ ስምምነቱ የፖለቲካ ቡድንን አይጨምርም፣ ስለዚህ ኢሕአፓን መግደል ዘር ማጥፋት አይባልም አሉ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። ስምምነቱ ዝቅተኛውን ወለል ነው ያስቀመጠው፣ አገር በራሷ ሕግ ከዚያ በላይ ብትጠብቅ ማን ይከለክላታል?

ይህ ክርክር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ የሊትዌኒያን ጉዳይ ሳነብ ነው። አንድ የቀድሞ የሶቪየት የደኅንነት ሠራተኛ በ1953 እ.ኤ.አ. ሁለት ወንድማማች የነፃነት ተዋጊዎችን በመግደል ተካፍሎ ነበር። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ አዲስ ሕግ አወጣችና የፖለቲካ ቡድንን ጨምራ፣ በዘር ማጥፋት ቀጣችው። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ላለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2015 እ.ኤ.አ. 9 ለ 8 በሆነ ድምፅ መብቱ ተጥሷል ተባለ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. የፖለቲካ ቡድንን መግደል ዘር ማጥፋት ተብሎ በሕግ አልታወቀም ነበርና። በአንድ ድምፅ ልዩነት! እኛ ዘንድ ያው ቃል ከድርጊቱ በፊት ተጽፎ ስለነበር ብቻ ጉዳዩ ቆመ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ ይህ ነው። ሕጉ ያለቀሰን ቤተሰብ ሊያግዝ የሚችለው ቀድሞ ከተጻፈ ነው።

ክሱ የተከፈተው በልዩ ዓቃቤ ሕግ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ተቋቋመ። ዋናው ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ጀመረ፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ጨምሮ 73 ከፍተኛ ባለሥልጣናት ነበሩበት። በጠቅላላው 5,198 ሰዎች ተከሰዋል። ዓቃቤ ሕግ ብልህ ነበር፤ ዘር ማጥፋቱ ባይቆም ብሎ ከባድ ግድያን በአማራጭ ክስ አቀረበ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ጥፋተኛ ተባሉ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ግን ተለዩ። ደርግ ራሱ ባወጣቸው ሕጎች የፖለቲካ ቡድኖች ጥበቃ ተነስቶ ስለነበር ድርጊቱ ከባድ ግድያ እንጂ ዘር ማጥፋት አይባልም አሉ። በዚህ ሐሳባቸው አልስማማም። ገዳዩ ራሱ ሕግ አውጪ ሲሆን የራሱን ወንጀል በአዋጅ ሊሰርዝ አይገባም። ግን መለየታቸውን አከብራለሁ፣ በክርክር የተሞላ ችሎት እንደነበር ያሳያል።

በመጀመሪያ የተፈረደው ዕድሜ ልክ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 ወደ ሞት አሻሻለው፣ በ2003 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የእስረኞቹን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ መለሱት። መንግሥቱ ዚምባብዌ እንዳለ ነው።

ጣልያን በየካቲት 12 ላደረገችውስ? ሕግ ስላልነበረ ነው ያልተጠየቁት?

አይደለም፣ እባካችሁ ይህን አትበሉ። የመርዝ ጋዝን የከለከለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል የ1925 እ.ኤ.አ. ነው፣ ጣልያን ራሷ በ1928 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች። ወረራው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። የሲቪል ሰዎች ግድያ ደግሞ ከዚያ በፊትም የተከለከለ ነበር። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. ጣልያን ውስጥ 19 ዓመት ሲፈረድበት ክሱ ከጀርመን ጋር መተባበሩ ላይ ነበር፣ በዚያው ዓመት ተፈታ። ስለ አዲስ አበባና ስለ ደብረ ሊባኖስ ማንም አልጠየቀውም። ሕግ ነበር፣ የጠፋው ፈቃድ ነው።

ቃል ኪዳኑ ውስጥ «የአገሮች አጠቃላይ የሕግ መርሆ» የሚባል ነገር አለ፣ ምንድነው?

የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 15 ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ወደኋላ አይሠራም ይላል፣ ግን ድርጊቱ «በአገር ውስጥ ወይም በዓለም አቀፍ ሕግ» ወንጀል ከነበረ በቂ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ በዓለም ማኅበረሰብ በሚታወቁ የሕግ መርሆዎች ወንጀል የነበረ እንደሆነ ሰውየውን መዳኘት አይከለከልም ይላል። ኑረምበርግን አስበው ነው የጻፉት። በቀላሉ፦ አገርህ ሕጉን ባትጽፈውም፣ ዓለም ሁሉ ወንጀል ነው ያለውን ሠርተህ «እኛ አገር አልተጻፈም» ማለት አያድንህም።

የእኛው አንቀጽ 22 ግን እንዲህ አይልም። ወንጀል መሆኑ «በሕግ የተደነገገ» መሆን አለበት ይላል፣ በቃ። የትኛው ሕግ? የአገር ውስጡ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። አንቀጽ 9 ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ስለሚል፣ አንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹ ከዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው ይተርጎሙ ስለሚል ሰፋ አድርገን እንየው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን ባዶ እጁን አይደለም።

በስብእና ላይ የሚፈጸም ወንጀል በወንጀል ሕጋችን አለ ወይ?

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ ስሙን ይጠራዋል፤ ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ በአስገድዶ መሰወር፣ ማሠቃየት በይርጋ አይታገዱም፣ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም ይላል። ግን ወንጀሉ ምን ምን እንደሆነ ተርጉሞ ቅጣቱን የሚያስቀምጥ አንቀጽ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ የለም። አንቀጽ 269 ዘር ማጥፋትን ይዟል፣ የፖለቲካ ቡድንንም ጨምሮ። ከ270 ጀምሮ የጦር ወንጀሎች አሉ። በሰፊው ወይም በተቀነባበረ መንገድ በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚደረግ ጥቃት፣ ጦርነት በሌለበትና ቡድን የማጥፋት ሐሳብ ባልተረጋገጠበት ጊዜ፣ የራሱ ስም የለውም። ሰውን መሰወርም ራሱን ችሎ አልተጻፈም።

ታዲያ ከነገ ጀምሮ አዲስ ሕግ ቢወጣ፣ ባለፉት ዓመታት የተፈጸመው በዚያ ይዳኛል ወይ? ክርክሩ ተፋፍሟል። አንዱ ወገን በልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ (አገሮች በስምምነት ባይጽፉትም በልማድ ግዴታችን ነው ብለው በሚቀበሉት) ድሮም ወንጀል ስለነበር አዲሱ ሕግ ስም ሰጠው እንጂ አልፈጠረውም ይላል። ሌላው አንቀጽ 22ን ያነሳል።

የእኔን አቋም ልናገር። ሕጉ ዛሬውኑ ይጻፍ፣ አንድ ቀን ባደረ ቁጥር የሚያመልጥ አለ። ያለፈውን በተመለከተ ግን ተጎጂዎች ያላቸውን አንድ ዕድል አጠያያቂ መሬት ላይ ብቻ አታቁሙት። በተፈጸመበት ቀን የተጻፉ አንቀጾች አሉ፦ ከባድ ግድያ አንቀጽ 539፣ አስገድዶ መድፈር አንቀጽ 620፣ የጦር ወንጀል አንቀጽ 270። በእነዚህ ይከሰስ፣ አዲሱ ስም ከተጨመረም በአማራጭ ይቅረብ፣ ልክ የቀይ ሽብር ዓቃቤ ሕግ እንዳደረገው። የሚያሳዝነው ነገር አለ፣ አልደብቅም፦ አንድ መንደር በዕቅድ ሲጨፈጨፍ «ሃያ ከባድ ግድያ» ብሎ መክሰስ የሆነውን ነገር አይገልጸውም። ዕቅዱ ይጠፋል፣ ያዘዘው ሰው ከኋላ ይቀራል። ግን ከአምስት ዓመት በኋላ በይግባኝ «ሕገ መንግሥት ተጥሷል» ተብሎ የሚፈርስ ፍርድ ከዚህ የበለጠ ይጎዳል።

ይርጋ እና ይህ መርህ አንድ ናቸው?

አይደሉም፣ ሰው ግን ሁልጊዜ ያደባልቃቸዋል። ይርጋ ማለት «ወንጀል ነበረ፣ ግን ለመክሰስ ጊዜው አለፈ» ነው። ወደኋላ አለመሥራት ደግሞ «ሲሠራ ወንጀል አልነበረም» ነው። ይርጋው ገና ሳያልፍ መንግሥት ጊዜውን ቢያራዝም ብዙ ፍርድ ቤቶች ይቀበሉታል። ካለቀ በኋላ እንደገና መቀስቀስ ግን ሌላ፣ ከባድ ጥያቄ ነው።

ልዩ ፍርድ ቤት ቢቋቋም፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ ከወንጀሉ በኋላ ስለሆነ ሕገ ወጥ አይሆንም?

መርሁ ወንጀሉንና ቅጣቱን ነው የሚመለከተው፣ ችሎቱን አይደለም። ዳኛውና ሥነ ሥርዓቱ ከጊዜ በኋላ ሊለወጥ ይችላል። ሩዋንዳን የዳኘው የአሩሻው ፍርድ ቤት የተቋቋመው ጭፍጨፋው ካለፈ ከወራት በኋላ፣ ኖቬምበር 1994 እ.ኤ.አ. ነበር። ማየት ያለባችሁ ሌላ አንቀጽ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 የመደበኛ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን የሚነጥቅና በሕግ የተደነገገ ሥርዓት የማይከተል ልዩ ፍርድ ቤት ይከለክላል።

የቻዱ ሂሴን ሀብሬ ታሪክ ግን ይገርማል። ከ1982 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ገዝቶ ሴኔጋል ገባ። ሴኔጋል እሱን ለመዳኘት ብላ በ2007 እ.ኤ.አ. ሕጓን አሻሻለች። የምዕራብ አፍሪካው የኤኮዋስ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ጣልቃ ገባና በተራ የአገር ውስጥ ችሎት በዚህ ሕግ ከዳኘችሁት ወደኋላ ይሠራል፣ ዓለም አቀፍ ባሕርይ ያለው ልዩ ችሎት አቋቁሙ አለ። ሴኔጋልና የአፍሪካ ኅብረት ተስማምተው አቋቋሙ። ሜይ 30 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ድሉ ዘገየ እንጂ አልፈረሰም።

ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት (አይሲሲ) የእኛን ጉዳይ ሊያይ ይችላል?

ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. በፊት የሆነውን ጨርሶ አያይም። ስለዚህ ቀይ ሽብርን እርሱት። ከዚያ ወዲህ ላለው መንገዱ ሁለት ነው፦ አገሪቱ በራሷ ፈቃድ ብትቀበለው ወይም የጸጥታው ምክር ቤት ቢመራለት። የጎረቤታችን ሱዳን ጉዳይ በምክር ቤቱ ነው የሄደው። የዳርፉሩ ተከሳሽ ዓሊ ኩሸይብ «አገሬ አባል አይደለችም፣ ይህ ሕግ በእኔ ላይ አልነበረም» ብሎ ተከራክሯል። የይግባኝ ችሎቱ በ2021 እ.ኤ.አ. አልተቀበለውም፤ ነገር ግን እንዲህ ባለ ጊዜ የፍርድ ቤቱን መተዳደሪያ ብቻ ማየት እንደማይበቃና ሰውየው በጊዜው ይገዛው የነበረውን የወንጀል ሕግ ማየት እንደሚያስፈልግ ተናገረ።

ውጭ አገር የተደበቀ ገዳይስ?

የኔዘርላንድስን ጉዳይ ስሙ። የደርግ ባለሥልጣን የነበረው እሸቱ ዓለሙ በ1970 ጎጃም ውስጥ በፈጸመው ግፍ ዲሴምበር 15 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሄግ ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ሆላንዶች በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ዘመናዊ የዓለም አቀፍ ወንጀሎች ሕግ አላቸው። በዚያ አልከሰሱትም፣ ከድርጊቱ በኋላ የወጣ ነዋ! ወደ መደርደሪያው ተመልሰው የ1952 እ.ኤ.አ. የጦር ወንጀል ሕጋቸውን አወጡ፣ ድርጊቱ ሲፈጸም የነበረውን። ፍርዱም በ2022 እ.ኤ.አ. በይግባኝ ጸንቷል።

ቅጣት ላይ ምሳሌ አለ?

አለ። በቦስኒያ ሁለት የጦር ወንጀለኞች በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ተቀጡ፣ ድርጊቱ ሲፈጸም የነበረው የዩጎዝላቪያ ሕግ ግን ዝቅ ያለ ቅጣት ይፈቅድ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግ ጥሰት አለበት አለች። ጥፋተኝነታቸው አልተነካም፣ ቅጣቱ ነው እንደገና የታየው።

ወንድሜ በቀይ ሽብር ተወስዶ ቀርቷል። የእሱ ነገር በሕግ አበቃ ማለት ነው?

ይህን የጠየቁኝ አንዲት እማማ ናቸው። ከታቦር ግርጌ ድረስ በባጃጅ መጥተው፣ ከፌስታል ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ። ልጁ ሰፊ ኮሌታ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፀጉሩ አፍሮ ነው። እንዳይነካባቸው ጠረጴዛውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

አላበቃም አልኳቸው። የተወሰደው በ1970 ከሆነ፣ ዘር ማጥፋትም ከባድ ግድያም በዚያ ቀን በሕግ የተጻፉ ነበሩ። ወደኋላ የሚጎተት ሕግ አያስፈልገንም። አንቀጽ 28 ደግሞ ይርጋን ዘግቶታል። ሊያስቸግር የሚችለው ሌላ ነው፦ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ከየት፣ ማን አየ፣ ሰውየው በሕይወት አለ ወይ፣ ደግሞስ ቀድሞ ተፈርዶበት ይሆን? አንድ ሰው በአንድ ጥፋት ሁለቴ አይቀጣምና።

ለሌሎቻችሁም የምለው ይኸው ነው። የምታስታውሱትን አሁን ጻፉት። ቀኑን በትክክል ካላወቃችሁ በበዓል ለዩት፣ «ከጥምቀት በኋላ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት» ማለት ለሕግ ሰው ብዙ ነው። የጎረቤት ምስክር ካለ ስሙንና ያለበትን ያዙ። ዋናውን ወረቀት ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ ስጡ።

እማማ ፎቶውን ገለበጡት። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእናታቸው እጅ «ጥር 1970 ሄደ» ተብሎ ተጽፏል። ዓመቱን ከአሮጌው ሕግ ዓመት ጋር ጎን ለጎን ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው፤ 1950፣ 1970። ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው አመላለሱና «ቀድሞ ነበረ ማለት ነው?» አሉኝ። አዎ እማማ፣ ሃያ ዓመት ቀድሞ።